ሠራተኛን ሥራው ላይ የሚያጸናው ምንድን ነው? ከነቢዩ ሙሳ ታሪክ የምንማረው

ካምፕ ውስጥ የምንሠራ ሰዎች፣ አስተማሪም እንሁን አስተርጓሚ፣ የሚከፈለን ኢንሴንቲቭ ነው። ገንዘቧ ትንሽ እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ በዚያችው ክፍያ አንዱ ጠዋት ጠዋት ሳያጓድል ሥራው ላይ ይገኛል፤ ሌላው ፈርሞ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ «የሰው ጠባይ ነው» ብለን እናልፈዋለን። የእስልምና ትምህርት ግን ነገሩን የሁለት ወገን ያደርገዋል፤ የሠራተኛውም የአሠሪውም።

በቁርኣን 28ኛው ምዕራፍ፣ በሱረቱል ቀሰስ፣ የነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ታሪክ አለ። ሙሳ ሊገድሏቸው ከሚፈልጉ ሰዎች ከግብፅ ሸሽተው መድየን ሲገቡ ቤትም ሥራም አልነበራቸውም። እንደኛው ስደተኛ ነበሩ ማለት ነው። ውሃው ዳር ሁለት ሴቶች እረኞቹ እስኪጨርሱ መንጋቸውን ይዘው ሲጠብቁ አዩና አጠጡላቸው። ዋጋ አልጠየቁም፤ ወደ ጥላ ሄደው ዱዓ አደረጉ።

የሴቶቹ አባት ሽማግሌ ሰው ነበሩ። ያደረጉትን እንይ። መጀመሪያ የማጠጣቱን ዋጋ ሊከፍሏቸው አስጠሯቸው። ቀጥሎ ታሪካቸውን ሰሙና «አትፍራ» ብለው አረጋጓቸው። ከልጆቻቸው አንዷ ደግሞ እንዲቀጥሯቸው ስትመክር ሁለት ነገር ጠቀሰች፦ ጉልበታቸውንና ታማኝነታቸውን። ዛሬም ቢሆን ሰው ስንቀጥር የምንፈልገው ይህንኑ ነው፤ ችሎታና አማና።

ከዚያ ስምምነቱ መጣ። ሽማግሌው ልጃቸውን ሊድሩላቸው፣ ሙሳ ስምንት ዓመት ሊሠሩላቸው። አሥር ከሞሉ ግን በራሳቸው ፈቃድ ነው። ሽማግሌው ሊያስቸግሯቸው እንደማይፈልጉም ነገሯቸው። ጊዜው ታወቀ፣ ዋጋው ታወቀ፣ ግዴታውና ፈቃዱ ተለየ። ቡኻሪ በዘገቡት መሠረት፣ ሙሳ የትኛውን እንደፈጸሙ ሲጠየቁ ኢብን ዐባስ ረጅሙን ነው ብለዋል። እነዚያን ሁለት ዓመታት ማንም አላስገደዳቸውም። የሥራ ፍቅር የሚባለው እንግዲህ ይሄ ነው፤ ከውሉ በላይ የሚሰጠው።

ከአሠሪ ምን ይጠበቃል? ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ለሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈለው አዘዋል። ሌላ ሐዲስ ደግሞ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ካሠራ በኋላ ዋጋውን የሚከለክልን ሰው አላህ በቂያማ ቀን ራሱ እንደሚከሰው ይናገራል። ከአቅም በላይ ማሠራትም ተከልክሏል፤ ሥራው ከከበደ ማገዝ ነው። ጉዳይን በምክክር (በሹራ) መጨረስ ደግሞ በቁርኣን 42ኛው ምዕራፍ የተመሰገነ ነው። ስለዚህ «ለአላህ ብለህ ሥራ» እያሉ የሰው ገንዘብ ማዘግየት ሃይማኖት አይደለም። አማና የሠራተኛን አፍ መዝጊያ መሆን የለበትም።

ሠራተኛውስ? 83ኛው ምዕራፍ ለራሳቸው ሲሆን ሞልተው የሚሰፍሩትን፣ ለሌላው ሲሆን የሚያጎድሉትን ይወቅሳል። እኔ ይህን ሳነብ ሰዓትም ይሰፈራል እላለሁ። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ላይ 20 ደቂቃ አርፍጄ ብገባ ያጎደልኩት የልጆቹን ነው። ክፍያ ቢዘገይ ቅሬታዬን ለሚመለከተው ማቅረብ መብቴ ነው፤ ልጆቹ ግን ዕዳ የለባቸውም።

አንድ ጊዜ የኛም ክፍያ ዘግይቶ ነበር። ለሳምንታት ማንም ምንም ሳይነግረን ሲቀር መቅረት በዛ። ኋላ ርዕሰ መምህራችን ሰበሰቡን። የሚያውቁትን ነገሩን፣ የማያውቁትንም አላውቅም አሉ፣ ክፍለ ጊዜውን እንዴት እንደምንሸፍን አማከሩን። ገንዘቡ በማግስቱ አልመጣም። መምህራኑ ግን መጡ።

ይህን ለመረዳት ሙስሊም መሆን አያስፈልግም፤ የሙሳን ስደት ክርስቲያን ወንድሞቻችንም ከኦሪት ያውቁታል። ሰው የምትቀጥሩ ሁሉ፣ ሻይ ቤትም ይሁን ሱቅ፣ ከመጀመሪያው ቀን ሰዓቱን፣ ዋጋውንና የክፍያውን ቀን ተነጋገሩ። የምትቀጠሩም ሳትጠይቁ አትጀምሩ።