ዳገቱን የማያውቅ ካታሎግ

መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው ወደ ጋራዣችን ለምክር ሲመጣ በአብዛኛው ልቡ አስቀድሞ ቆርጧል። ቀለሙን መርጧል፣ ወንበሩን ወዶታል፣ የስክሪኑን ስፋት በቃሉ ይዞታል። ስለ ሞተሩ ስጠይቀው ስልኩን አውጥቶ ሻጩ የላከለትን ያሳየኛል፤ «83 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ለቤተሰብ መቼ ያንሳል?» ይለኛል። እኔ ደግሞ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ቤትዎ የት ነው? ስንት ሆናችሁ ትሄዳላችሁ? ለበዓል አገር ቤት የምትወርዱት በየት በኩል ነው?

ካታሎግ ላይ የሚጻፈው ጉልበት በባሕር ወለል አካባቢ ባለው አየር የተሰላ ነው። አዲስ አበባ ያለችው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚህ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በሳበው አየር ልክ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ እየተወ ይወጣል። ያ 83 የተባለው ቦሌ ላይ 63 አካባቢ ነው። እንጦጦ ላይ 3,000 ሜትር ሲያልፍ ከ60 በታች ይወርዳል። የዛሬ ሞተር ቤንዚኑን በአየሩ ልክ ስለሚመጥን አያጨስም፣ አያንኳኳም፤ ጉልበቱ ብቻ ይቀንሳል። ባለቤቱ ግን የታመመበት እየመሰለው ካንዴላ ያስቀይራል፣ ኢንጀክተር ያሳጥባል፣ ከጋራዥ ጋራዥ ይንከራተታል። ደህና በሆነ ሞተር ላይ የሚወጣው ይህ ሁሉ ገንዘብ በጣም ያሳዝነኛል።

ሰዉ ወደ ትንሽ ሞተር የሄደው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከ1,300 ሲሲ በማይበልጥ አዲስ መኪና ላይ 5 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ ድረስ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 100 በመቶ ጣለ። ይህን ልዩነት ያየ ደመወዝተኛ 1.2 ሊትር ቢመርጥ ማንም ሊፈርድበት አይችልም። ለሦስት ሰውና ለሜዳ መንገድ ይበቃዋል። ጥያቄው የሚመጣው አምስት ሰው ሲሳፈር ነው።

አንዲት መምህርት ልትገዛው ያሰበችውን መኪና እንዳይላት ስትጠይቀኝ እናቷንና ሁለቱን ልጆቿንም ይዛ እንድትመጣ ነገርኳት። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣን። ገበያውን አልፈን መንገዱ ቀጥ ማለት ሲጀምር ሞተሩ ከ4,000 ዙር በላይ እየጮኸ መኪናው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር አልሞላም። ኤሲውን ስታጠፋው ትንሽ ነፍስ ዘራ። እናትየው ከኋላ ሆነው «ልጄ፣ እኛ ብንወርድለት አይሻልም?» አሏት። ሻጩ ግን መኪናውን ያስሞከራት ብቻዋን፣ በቀለበት መንገድ ላይ ነበር።

ለዚህ ከፍታ ቱርቦ ያለው ሞተር ይሻላል የምለው ለፍጥነት ብዬ አይደለም። ቱርቦ አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው የነሳውን አብዛኛውን ይመልሳል፤ ባለ 1.0 ወይም 1.5 ሊትር ቱርቦ እዚህ ከተማ ውስጥ ትልቅ የሚባለውን ተራ ሞተር የሚስተካከልበት ጊዜ አለ። ግን በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ዕቃ ነውና ከዘይት ጋር ቀልድ አያውቅም። አምራቹ ካዘዘው ዓይነት ሌላ የሚሞላ፣ የመቀየሪያውን ኪሎ ሜትር የሚያሳልፍ ቤተሰብ ቱርቦ ባይገዛ እመርጣለሁ። ዳገት ወጥቶ እንደ ቆመ ሞተሩን ቶሎ ማጥፋትም ይጎዳዋል፤ አንድ ደቂቃ ያህል ባለበት ቢሠራ ይበርዳል።

ካምቢዮ ላይ ነው ሰው ይበልጥ የሚሳሳተው፤ «አውቶማቲክ» ሲባል ሁሉም አንድ ይመስለዋል። የፍሪሲዮን ፔዳል የሌለው እንጂ ውስጡ ማኑዋል የሆነ አለ፤ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው በእግር ፈንታ ትንሽ ሞተር ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ቤንዚን ይቆጥባል፣ ሜዳ ላይ ምንም እንከን አይወጣለትም። አንድ አባት እንዲህ ያለውን መኪና ይዞ መጥቶ «ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው መኪና እንዴት ፍሪሲዮን ይጨርሳል?» ብሎ ጠየቀኝ። አውርደን ስንከፍተው ዲስኩ እስከ ሚስማሩ ድረስ ተበልቷል፣ ቮላኖው ላይ የቃጠሎው ሰማያዊ ክብ ክብ ታትሟል፣ ሽታው ግቢውን ሞልቷል። ሰውየው በየጠዋቱ ልጆቹን ሲያደርስ ዳገት ላይ ሰልፍ ይይዛል፤ ፍሬን በመያዝ ፈንታ ነዳጁን ትንሽ ትንሽ እየረገጠ መኪናውን ያቆመዋል። በቀድሞ መኪናው፣ በኖርማሉ አውቶማቲክ፣ የለመደው እንደዚያ ነበር። ኖርማሉ ጉልበት የሚያስተላልፈው በዘይት ስለሆነ ያንን ይችለዋል፤ ይህኛው ፍሪሲዮኑን ያነዳል። ባለ ሁለት ፍሪሲዮን የሚባለው ካምቢዮም፣ በተለይ በዘይት ውስጥ የማይሠራው ዓይነት፣ በእንዲህ ያለ መጨናነቅ ቶሎ ይግላል። ለዚያ አባት ይህን በጊዜው የነገረው ሰው አልነበረም።

ሲቪቲ የሚባለው አውቶማቲክም በከተማችን ብዙ አለ፤ በሁለት ፑሊ መካከል የብረት ቺንጋ የሚዞርበት ነው። ለሰልፍ መንገድ የተመቸ፣ ለስላሳ ነው። የሚገድለው የተሳሳተ ዘይት ነው። የተራ አውቶማቲክ ዘይት የተሞላበት ሲቪቲ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ፑሊው ይፋቃል፣ ከዚያ በኋላ ጥገናው ካምቢዮ መግዛት ነው። «ዘይቱ ለዕድሜ ልክ ነው» የሚለውን የሻጭ ቃል በአቧራና በዳገት ለሚኖር መኪና አልቀበለውም። ማኑዋልን ባለቤቱ መንዳቱን ከወደደው አልከለክልም፤ ጥገናውን የማይችል ጋራዥ የለም።

ቁልቁለቱን ደግሞ ሻጭ ሲያነሳው ሰምቼ አላውቅም። በጎጃም መንገድ ከጎሐ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል፣ በሙቀትም ወደ ቆላ ይገባል። ሙሉ ቤተሰብ የጫነ መኪና ያን ሁሉ በፍሬን ብቻ ከወረደ ሸራው ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ስለዚህ አውቶማቲክ ስትመርጡ ማርሽ አስገድዶ ዝቅ ማድረግ የሚያስችል መሆኑን የማርሹ እጀታ ላይ እዩት፤ «ኤል»፣ «2»፣ «ኤም» ወይም «ቢ» የሚል ቦታ ይኑረው። አንዳንዱ ከ«ዲ» ሌላ የለውም፤ የጎጃም ሰው እሱን አይግዛ።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት ስለተከለከለ ከሻጭ ቤት አዲስ ለሚገዛ ምርጫው በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ሆኗል፤ የቤንዚኑ ጥያቄ አስቀድሞ የገባውን ለሚገዛ ነው። በኤሌክትሪኩ ላይ ከፍታው ጉልበት አይነሳውም፤ አየር የሚስብ ሞተር የለውም፣ የሚቀያየር ማርሽም የለውም። እንጦጦን አምስት ሰው ጭኖ ሲወጣ ያየሁትን ያህል ደስ ያለኝ ነገር በቅርቡ የለም። ዳገቱ ግን ባትሪውን በሚታይ ፍጥነት ይበላዋል፤ ከአዲስ አበባ ከወጡ በኋላም ቻርጅ ማድረጊያው ጥቂት ነው። ግቢው ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ለሚችልና አብዛኛውን ጊዜ ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ቤተሰብ ሳላቅማማ እሱን እላለሁ።

ቁልቁለት ላይ የኤሌክትሪኩ ሞተር ራሱ መኪናውን ይዞ ባትሪውን ይሞላል፤ ፍሬኑ ያርፋል። ይህ የሚሆነው ግን ባትሪው ቦታ ካለው ብቻ ነው። ከአባይ ድልድይ ማዶ ደጀን አድሮ፣ ሌሊቱን 100 በመቶ ሞልቶ፣ ጠዋት ወደ አባይ በረሃ ለሚወርድ ሰው የሚቀረው የፍሬን ፔዳሉ ብቻ ይሆናል፤ መኪናውም በባትሪው የተነሳ ከባድ ነው። ደጀን ላይ ከ80 በመቶ በላይ አትሙሉ፤ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ጨምሮ ታገኙታላችሁ።