መርኩብ፦ ከጀለቢያ ጋር የሚሄደው ጫማ

ከመተማ ዮሐንስ ተነስቶ በጋላባት በኩል ሱዳን፣ ገዳሪፍ የዘለቀ ሰው፣ ነጭ ጀለቢያ በለበሱ ወንዶች እግር ላይ መርኩብን ሳያይ አይመለስም። ማሰሪያ የለውም። መስጊድ ደጃፍ ላይ ለማውለቅ ጎንበስ ማለት አያስፈልግም። በሱዳን ስመ ጥሩው የዳርፉሩ የአል ፋሸር መርኩብ ነው።

የጫማ ቆዳን ለማወቅ ለሚፈልግ ከመርኩብ የተሻለ አስተማሪ ያለ አይመስለኝም። የፋብሪካ ቡት ምላሱ፣ የተረከዝ ማጠንከሪያው፣ የውስጥ ሶሉ እየተደራረበ የደካማ ቆዳን ነውር ይሸፍናል። መርኩብ ግን ከላይኛው ቆዳ፣ ከገበሩና ከሶሉ ሌላ ብዙ ነገር የለውም፤ ቆዳው መጥፎ ከሆነ ወዲያው ያጋልጠዋል።

የአንድ በሬ ቆዳ ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ከጀርባና ከዳሌ የሚወጣው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ለሶል ይመረጣል። የሆዱ ልል ነው፤ ሶል ቢያደርጉት ይንጋደዳል። ጣት የሚታጠፍበት የላይኛው ክፍል ደግሞ ስስና የማይሰነጠቅ ቆዳ ይፈልጋል። ጎበዝ ቆራጭ ከመቁረጡ በፊት ቆዳውን ወዲህና ወዲያ ሳብ ሳብ ያደርገዋል። ብዙ የሚለጠጥበት አቅጣጫ በእግሩ ርዝመት ከዋለ ጫማው እየረዘመ ከተረከዝ ይወልቃል፤ ስለዚህ መለጠጡን ወደ ጎን ያውለዋል።

በባህላዊው መንገድ ቆዳው የሚለፋው ሱንት በሚባለው የግራር ዘር ፍሬ ነው። ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ፀጉሩ የተነሳለት ቆዳም እዚያው ውስጥ ይከርማል። በፍሬው ውስጥ ያለው ታኒን የቆዳውን ቃጫዎች አያይዞ ከመበስበስ ይጠብቀዋል።

ባለጠጎች የነብርና የዘንዶ ቆዳ መርኩብ ሲያሠሩ ኖረዋል። ነብር ግን ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ የዱር እንስሳትን ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት የተከለከለ እንስሳ ነው፤ ለእኔ የበሬው ይበቃል።

መርኩብ ክረምት አይወድም። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲነካው እግር ይዞ አይለቅም፤ የቆዳ ሶልም ውሃ ይጠጣል። ሰሊጥና ማሽላ ማሳ ላይ ለሚውል ሠራተኛ ኮንጎ ጫማ ይሻለዋል። የረጠበ መርኩብ ጥላ ውስጥ ይደርቅ፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይጠማዘዛል። ገዢም ብር ከመቁጠሩ በፊት ጫማውን ገልብጦ ሥሩን ይይ፦ በክር የተሰፋ ሶል ሲያልቅ ተፈትቶ በአዲስ ይቀየራል፣ በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈው ግን አንዴ ከተላቀቀ ደጋግሞ ይላቀቃል።