የጤና መድን መታወቂያዎን አሳድሰዋል?

ሕመም ቀጠሮ ይዞ አይመጣም። ለአንድ ሰው ሕክምና በሬውን የሸጠ፣ ብድር ውስጥ የገባ ቤተሰብ በየአካባቢያችን አለ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ይህን ለማስቀረት ነው። በሙከራው ላይ የተደረገው ግምገማም አባላት አባል ካልሆኑት ይልቅ ሕክምና እንደሚያገኙ አሳይቷል።

ስለዚህ የዓመቱን መዋጮ ጤነኛ ሳሉ ይክፈሉ፤ መታወቂያዎንም በወቅቱ ያሳድሱ። ሲታመሙ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ወደ ሆስፒታል ሲላኩ የሪፈር ወረቀትዎን ይያዙ። ያለዚያ ወጪው ከኪስዎ ሊሆን ይችላል።

ጡረታ የሌላቸው አዛውንት ወይም የቀድሞ ወታደር በጎረቤትዎ አሉ? መክፈል እንደማይችሉ በቀበሌ ለተለዩ ሰዎች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። ስማቸው መመዝገቡን ቀበሌ ሄደው ይጠይቁላቸው።