በእንግዳ ማረፊያ ተረስቶ የቀረ ንብረት፦ ሉቀጧ ወይስ አማና?
የአሶሳ ወርቅ እንደ ማሳያ

የሆቴል ክፍል የምታጸዳ ሠራተኛ ከትራስ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ወርቅ ብታገኝ ወርቁ የማን እንደሆነ ማንም አይከራከርም፤ የረሳው ሰው ነው። ክርክሩ የሚነሣው ባለቤቱ እስኪመለስ ድረስ በመካከል ባለው ጊዜ ምን ይደረግ በሚለው ላይ ነው። ለዚህ ጥያቄ በሕዝብ ዘንድ ተዘውትሮ የሚሰጠው መልስ «አንድ ዓመት ይታወጅ፤ ባለቤቱ ካልመጣ ላገኘው ሰው ይሆናል» የሚል ነው። መልሱ ከሐዲሥ የተቀዳ ስለሆነ የሚደፍረው የለም። ይሁን እንጂ እኛ እንደምናየው ሐዲሡ የተነገረው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ በእንግዳ ማረፊያ የተረሳ ንብረት በአብዛኛው ሉቀጧ ሳይሆን አማና ነው። የስያሜው ልዩነት ደግሞ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ወርቁ ወደ ባለቤቱ ይመለስ ወይም አይመለስ የሚለውን የሚወስነው እርሱ ነው።

ለማሳያነት አሶሳን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የቤላ ሻንጉል ምድር በወርቁ የታወቀው ከጥንት ነው። የግብፁ ሙሐመድ ዐሊ ጦሩን በሱዳን በኩል እስከ ፋዙግሊ ያዘመተው አንድም ይህንን ወርቅ ፍለጋ ነበር፤ በአፄ ምኒልክ ዘመንም የአሶሳው ሸኽ ኾጀሌ አል-ሐሰን ግብር የሚገብሩት በወርቅ ነበር። ዛሬም በመንጌ፣ በሸርቆሌና በኩርሙክ ወረዳዎች አፈር አጥበው ወርቅ የሚያወጡ ብዙ ናቸው። ያወጡት ወርቅ ወደ ከተማ ሲገባ ሻጩም ገዢውም አሶሳ ያድራሉ። ይህ ወርቅ ቀለበት ወይም የጆሮ ጉትቻ ሆኖ የተሠራ፣ «የእኔ ነው» የሚያሰኝ ምልክት ያለው አይደለም፤ ደቃቅ ነው፤ የአንዱ ከሌላው አይለይም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መንገደኛ ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ፣ አንዳንዴም መብራት በሌለበት፣ ዕቃውን በዳበሳ ሰብስቦ ወደ መናኸሪያ ይሮጣል።

የሉቀጧ ምዕራፍ መሠረት ዘይድ ኢብኑ ኻሊድ አል-ጁሀኒይ ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲሥ ነው። ስለ ወድቆ ስለተገኘ ወርቅና ብር የተጠየቁት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አግኚው መያዣውንና ማሰሪያውን እንዲያውቅ፣ ከዚያም ዓመት እንዲያሳውቅ አዘዋል። ጥያቄው የተነሣበት ሁኔታ ግልጽ ነው፦ ንብረቱ በመንገድ ወይም ሰው በሚተላለፍበት ስፍራ ወድቋል፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ስለዚህ ብቸኛው መንገድ መጮህ ነው። የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንት ሉቀጧን ሲተረጉሙ «ባለቤት በሌለው ስፍራ የተገኘ» የሚል ገደብ የጨመሩት ይህንኑ ተመልክተው ነው። የሆቴል ክፍል ግን ባለቤት አለው፤ ቁልፍ አለው፤ ከሁሉም በላይ የእንግዳ መመዝገቢያ መዝገብ አለው። በዚያች ሌሊት በዚያ ክፍል ማን እንዳደረ፣ የመታወቂያው ቁጥርና ስልኩ ሳይቀር ተጽፏል። ስሙ የተጻፈን ሰው «ያልታወቀ ባለቤት» ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ለጉዳያችን የሚቀርበው ምሳሌ ፉቀሃዎች በወዲዐህ (በአደራ) ምዕራፍ ያስቀመጡት ነው። ነፋስ የጎረቤትን ልብስ አንሥቶ በአንድ ሰው ግቢ ቢጥለው፣ ግቢው የወደቀበት ሰው አደራ ተቀበል ያለው ባይኖርም ልብሱ በእጁ አማና ይሆናል። ይህን «ሸሪዓዊ አማና» ይሉታል፤ በባለቤቱ ፈቃድ ሳይሆን በአላህ ሕግ የተጣለ አደራ ነውና። ግዴታው ከተለመደው አደራ ይልቅ ይጠብቃል። በተለመደው አደራ ተቀባዩ ባለቤቱ እስኪጠይቀው መጠበቅ ይችላል፤ በዚህኛው ግን ባለቤቱን እያወቀ ሳይነግረው ከዘገየና ንብረቱ ከጠፋ ይከፍላል። ሱረቱ-ን-ኒሳእ አንቀጽ 58 አማናዎችን ለባለቤቶቻቸው ማድረስን ሲያዝ፣ ባለቤቱ እስኪመጣ መቀመጥን አላዘዘም።

ከዚህ የሚከተለው ውጤት ቀላል አይደለም። የተረሳው ዕቃ የተገኘበት ዕለት ለእንግዳው ስልክ መደወል የሆቴሉ ደግነት ሳይሆን ዋጂብ ነው። «ከፈለገ ራሱ ይደውላል» ማለት በሉቀጧ እንኳ የማይፈቀድ ዝምታ ነው። ዓመት ቢያልፍም፣ ሁለት ዓመት ቢያልፍም የታወቀ ሰው ንብረት ወደ አግኚው አይዞርም። በነገራችን ላይ ዕውነተኛ ሉቀጧ ቢሆንም ዓመቱ ካለፈ በኋላ ባለቤቱ ሲመጣ ዕቃው ወይም ዋጋው እንደሚመለስለት አራቱም መዝሀቦች ይስማማሉ፤ «ዓመት ከሞላ አለቀ» የሚለው ንግግር በዚህም በኩል ጎዶሎ ነው።

አደራው የተጣለው በማን ላይ ነው? ዕቃውን መጀመሪያ የነካችው ክፍል የምታጸዳዋ ሠራተኛ ናት፤ ክፍሉ የሆቴሉ ነው። ወደ ክፍሉ የገባችው በሆቴሉ ስም ስለሆነ እጇ የሆቴሉ እጅ ነው ማለቱ ይቀናል፤ የእርሷ ድርሻ ሳታዘገይ ማስረከብ ነው። ሆኖም በዚህች ቅጽበት ብዙ ነገር ይበላሻል። ብታስረክብ አለቃዋ ይውጠዋል ብላ ትሰጋለች፤ ብትይዘው በሌብነት ትጠረጠራለች። መፍትሔው ዒያድ ኢብኑ ሒማር ካስተላለፉት ሐዲሥ ይገኛል፦ ወድቆ የተገኘ ንብረት ያነሣ ሰው ታማኝ ምስክር እንዲያቆም፣ እንዳይደብቅም ታዟል። አቡ ሐኒፋ ምስክር ማቆምን የአግኚው ታማኝነት መለያ አድርገውታል፤ ማስመስከር እየቻለ ያላስመሰከረና ዕቃው የጠፋበት ሰው ይከፍላል ብለዋል። አቡ ዩሱፍ በዚህ አልተስማሙም። ለሆቴል ሥራ ግን የአቡ ሐኒፋ አስተያየት የተሻለ እንደሚስማማ እናምናለን፤ ምክንያቱም ምስክሩ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ደካማዋን ሠራተኛም ይጠብቃል። ወርቁ በሁለት ሰዎች ፊት ይመዘን፤ ክብደቱ፣ ቀኑና የክፍሉ ቁጥር በመዝገብ ይጻፍ፤ ከነመቋጠሪያው ታሽጎ ካዝና ይግባ፤ ለእርሷም የፈረሙበት ወረቀት ይሰጣት።

መቋጠሪያው አይፈታ የምንለው በከንቱ አይደለም። ኡበይ ኢብኑ ከዕብ መቶ ዲናር የያዘ ከረጢት ባገኙ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደጋግመው እንዲያሳውቁ ካዘዙ በኋላ ቁጥሩን፣ መያዣውንና ማሰሪያውን እንዲይዙ ነግረዋቸዋል። ዲናር ከዲናር እንደማይለይ ሁሉ የአሶሳ ደቃቅ ወርቅም አይለይም፤ የሚለየው ክብደቱና የተቋጠረበት ጨርቅ ነው። ስለዚህ ስልክ የሚደውለው እንግዳ ተቀባይ «በሰማያዊ ጨርቅ የተቋጠረ ወርቅ ረስተዋል» ብሎ መጀመር የለበትም፤ «ጌታዬ፣ በክፍልዎ የረሱት ነገር ይኖር ይሆን?» ብሎ ምልክቱን ከባለቤቱ አፍ መስማት አለበት።

ምልክቱን በትክክል ለተናገረ ሰው ያለ ሌላ ማስረጃ ይሰጠዋል? ማሊኮችና ሐንበሎች ይሰጠዋል፣ መስጠቱም ግዴታ ነው ይላሉ። ሐነፊዮችና ሻፊዒዮች እውነቱን ነው ብሎ ላመነ መስጠት ይፈቀዳል፣ የሚገደደው ግን ማስረጃ ሲቀርብ ነው ይላሉ። ከሱዳን በኩል በመጡ ዑለማዎች አማካይነት የማሊኪ መዝሀብ በሰፈነበት በዚህ ምዕራባዊ አገር የመጀመሪያው አስተያየት ለሕዝቡ እንግዳ አይደለም፤ ለወርቅ አጣቢውም ይስማማዋል። ከጉድጓድ ላወጣው ወርቅ ደረሰኝ ከየት ያመጣል?

እስካሁን የተናገርነው ባለቤቱ ለታወቀ ንብረት ነው። አንዳንዱ ዕቃ ግን በእርግጥ ወደ ሉቀጧ ይገባል። ፍራሽ ሲቀየር ከስፌቱ ውስጥ የተገኘ፣ ከዚያ በፊት በአልጋው ብዙ ሰዎች ያደሩበት ገንዘብ፣ ወይም በሆቴሉ ምግብ ቤት ወለል ላይ የወደቀ ቀለበት እንዲህ ነው። በዚህ ጊዜ ዓመት ማሳወቅ ይጀምራል። ስሊፐርና አሮጌ የስልክ ቻርጀር ዓመት አይጠበቅባቸውም፤ ባለቤቱ ተመልሶ የማይፈልገው ቀላል ነገር ከዚህ ግዴታ ውጭ ነው። ለሌላው ግን ማሳወቁ ጆሮ የሚደርስ መሆን አለበት። በመስጊድ ውስጥ የጠፋ ዕቃ መፈለግ በሐዲሥ ስለተነቀፈ ፉቀሃዎች የመረጡት ስፍራ ገበያና የመስጊድ በር ነው፤ አሶሳ ላይ መናኸሪያው ይጨመርበት። ማስታወቂያውም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በበርታኛ፣ በኦሮምኛና በዐረብኛ መነገር አለበት።

እዚህ ላይ ከባዱ ጉዳይ መንገዱ ነው። ከ2010 ዓ.ም ወዲህ አሶሳን በነቀምቴ በኩል ከመሐል አገር የሚያገናኘው መንገድ በጸጥታ ችግር በተደጋጋሚ ተዘግቷል። በሰኔ 2010 ዓ.ም አሶሳ ላይ ግጭት ሲነሣ ሻንጣውን ትቶ የሸሸ ሰው፣ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም በኋላ ከሱዳን ጦርነት አምልጦ በኩርሙክ የገባና ጌጡን በአንድ አልጋ ቤት ረስቶ ወደ መጠለያ የተወሰደ ስደተኛ፣ ዓመቱ ሲቆጠርበት ሊሰማ የሚችልበት ሁኔታ አልነበረም። የተዕሪፍ (የማሳወቅ) ዓላማ መሰማት ነው፤ ሊሰማ በማይችልበት ጊዜ የተቆጠረ ወር ከዓመቱ አይቆጠርም የሚል አስተያየት አለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሐጅ ተጓዥ የጣለውን ከማንሣት መከልከላቸውን የዘገበው ሙስሊም ነው፤ ዑለማዎች ከሰጡት ምክንያት አንዱ ሐጃጁ ወደየአገሩ ስለሚበተን ማስታወቂያው አይደርሰውም የሚል ነው። መካ የራሷ ሕግ አላት፤ ምክንያቱ ግን ለተበተነ መንገደኛ ሁሉ እንድንጠነቀቅ ያስተምራል።

በብዙ ሆቴሎች ግድግዳ «ለሚጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ጽሑፍ ይታያል። አደራ ተቀባይ ድሮውንም ያለ ጥፋቱ ለጠፋ ንብረት አይጠየቅም፤ በዚህ በኩል ጽሑፉ የሚጨምረው የለም። ከቸልተኝነትና ከመተላለፍ የሚመጣውን ተጠያቂነት ደግሞ ሊያነሣ አይችልም።

የአገሪቱ ሕግም በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሆቴል ሥራ ውል ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው፤ የተገኘ ዕቃን በተመለከተም አግኚው የማስታወቅ ደንቦችን እንዲያከብርና ዕቃውን እንዲጠብቅ ያዛል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሌላ ሰው ንብረት በስሕተት ወይም በአጋጣሚ በእጁ የገባ ሰው ለራሱ ቢያደርገው ይቀጣዋል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ግን እንዲህ ያለውን ክርክር አያዩም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) የፈቀደው በተከራካሪዎች ስምምነት የግልና የቤተሰብ ጉዳዮችን መዳኘት ነው። ስለዚህ ከላይ የዘረዘርነው ፊቅህ በአሶሳ የሚሠራው በዳኛ ትእዛዝ ሳይሆን በሆቴሉ ባለቤትና በሠራተኛዋ ተቅዋ ነው። ወርቁ ያለ ፈቃድ ሲዘዋወር የነበረ ነው ተብሎ ቢጠረጠርስ? ባለቤቱ ፈርቶ ላይመጣ ይችላል። ሆቴሉ ለፖሊስ አስታውቆ በደረሰኝ ያስረክብ፤ የባለቤቱ ጥፋት ንብረቱን ለሆቴሉ ሐላል አያደርግም።

ባለቤቱ ታውቆ ፈጽሞ ሳይገኝ ቢቀርስ? ኢብኑ መስዑድ አንዲት ባሪያ ገዝተው ዋጋዋን ሳይከፍሉ ሻጩ ጠፋባቸው። ዓመት ፈልገው ሲያጡት ገንዘቡን በሻጩ ስም ለድሆች አከፋፈሉ፤ ሰውየው መጥቶ ሶደቃውን ካልወደደ ምንዳው የእርሳቸው፣ ዕዳውም በእርሳቸው ላይ እንዲሆን ተናገሩ። እዚህም ዓመት ተጠቅሷል፤ ነገር ግን የፍለጋ ልክ እንጂ የባለቤትነት በር አልነበረም። እንግዳው ሞቶ እንደሆነ ግን ሶደቃ ማውጣት አይፈቀድም፤ ንብረቱ ወደ ወራሾቹ ተላልፏል። ያን ጊዜ ሆቴሉ መጠየቅ ያለበት የወራሽነት ማስረጃ ነው፤ ወራሾቹ ተስማምተው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሄዱም ማስረጃውን የሚሰጠው እርሱ ይሆናል። ከወራሾቹ አንዱ ብቻ ቀርቦ ሁሉንም ልውሰድ ቢል የሌሎቹ ውክልና ሳይኖረው አይሰጠውም፤ የሟች ዕዳም ከክፍፍሉ በፊት ይከፈላል፤ ያልተከፈለ የአልጋ ኪራይ ካለም ሆቴሉ ለወራሾቹ አሳውቆ ይጠይቃል እንጂ ከቋጠሮው ራሱ መዝኖ አይቀንስም።