ሳንሱር ወደ ብራውዘር ሲዘልቅ

ድረ ገጾችን ማገድ የሚሹ መንግሥታት ለረጅም ዓመታት ትእዛዛቸውን የሚሰጡት ለኢንተርኔት አገልግሎት አቅራቢዎች ነበር፤ በኢትዮጵያም ለዓመታት ታግደው ቆይተው በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ የተከፈቱት በርካታ ድረ ገጾች የተዘጉት በዚሁ ስልት ነበር። ኤችቲቲፒኤስ የተባለው የምስጠራ ሥርዓት ከተስፋፋ ወዲህ ግን በተጠቃሚውና በድረ ገጹ መካከል የሚመላለሰው መልእክት ለሌላ ሰው የማይነበብ በመሆኑ፣ አቅራቢው ሊያውቅ የሚችለው አብዛኛውን ጊዜ የተጎበኘውን ድረ ገጽ ስም እንጂ በውስጡ የተነበበውን ወይም የተጻፈውን አይደለም። ስለዚህ ከፌስቡክ ውስጥ አንድን ገጽ ብቻ ለይቶ መዝጋት ስለማይቻል፣ ያለው ምርጫ ፌስቡክን በሙሉ መዝጋት ወይም እንዳለ መተው ነው። ምስጢሩ የሚፈታው እንደ ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ባሉት የድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራሞች፣ ማለትም በብራውዘሮች ውስጥ ስለሆነ፣ የአንዳንድ መንግሥታት ፍላጎት ወደዚያው አቅንቷል።

ነገሩን ለመረዳት ሰርተፍኬት የሚባለውን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ድረ ገጽ እውነተኛ መሆኑን ለብራውዘሩ የሚያረጋግጠው ታማኝነቱ በታወቀ ተቋም የተፈረመ ዲጂታል ሰርተፍኬት በማቅረብ ሲሆን፣ ብራውዘሩም የሚያምናቸውን ተቋማት ዝርዝር ይዞ ይገኛል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ የገባ ተቋም በማንኛውም ድረ ገጽ ስም ሊፈርም ይችላል፤ የአገሩን ሁሉ ማኅተም በእጁ እንደያዘ ጸሐፊ ማለት ነው።

የካዛክስታን መንግሥት የፈለገው ይህንኑ ማኅተም ነበር። ሐሳቡ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ2015 ቢሆንም ተግባራዊ ሙከራው የመጣው በጁላይ 2019 ሲሆን፣ የዋና ከተማዋ ነዋሪዎች መንግሥት ያዘጋጀውን «የደኅንነት ሰርተፍኬት» በስልካቸውና በኮምፒውተራቸው ላይ እንዲጭኑ በሞባይል ኩባንያዎች በኩል ተነገራቸው። ሰርተፍኬቱን የጫነ ሰው ወደ አንድ ድረ ገጽ ሲሄድ መሃል ላይ የተቀመጠ መሣሪያ የድረ ገጹን ስም ይዞ ይቀበለዋል፣ ምስጢሩን ይፈታል፣ ከዚያም መልሶ መስጥሮ ወደ እውነተኛው ድረ ገጽ ያስተላልፋል፤ ብራውዘሩም ሰርተፍኬቱን እንዲያምን ስለተደረገ አንዳች ማስጠንቀቂያ አያሳይም። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ጠለፋው ቢያንስ 37 የድረ ገጽ አድራሻዎችን ዒላማ ማድረጉን አሳየ። ከእነዚህም መካከል የጎግል፣ የፌስቡክና የትዊተር አገልግሎቶች ይገኙበታል፤ መንግሥት ዓላማዬ ዜጎችን ከሳይበር ጥቃት መጠበቅ ነው ቢልም፣ የተጠለፉት በዋናነት ሰዎች የሚነጋገሩባቸው መድረኮች መሆናቸው ምክንያቱን ለማመን አዳጋች ያደርገዋል።

መንግሥት በኦገስት መጀመሪያ ሙከራው አብቅቷል ቢልም፣ ጎግል፣ ሞዚላና አፕል በዚያው ወር ብራውዘሮቻቸው ሰርተፍኬቱን ጨርሶ እንዳይቀበሉ አደረጉ፤ ተጠቃሚው ራሱ ቢጭነውም እንኳ አይሠራም። ካዛክስታን በዲሴምበር 2020 ሌላ ሰርተፍኬት ይዛ ስትመለስም፣ ማይክሮሶፍት የተጨመረባቸው እነዚሁ ኩባንያዎች በቀናት ውስጥ ዘጉት።

ፈረንሳይ የሞከረችው መንገድ ከዚህ ይለያል። በ2023 ለፓርላማ የቀረበው የዲጂታል ሕግ ረቂቅ 6ኛ አንቀጽ፣ ብራውዘሮች መንግሥት በዝርዝር የሚሰጣቸውን የማጭበርበሪያ ድረ ገጾች በራሳቸው ውስጥ እንዲያግዱ የሚያስገድድ ነበር። በሐሰተኛ መልእክት ገንዘቡን የተነጠቀ ሰው ዓላማውን ባይቃወም አይደንቅም። ይሁን እንጂ የፋየርፎክስ ባለቤት የሆነው ሞዚላ እንደተከራከረው፣ ብራውዘሮች አሁንም ስለ አደገኛ ድረ ገጾች ያስጠነቅቃሉ፣ ውሳኔውን ግን ለተጠቃሚው ይተዋሉ፤ የማገጃው መሣሪያ አንዴ ከተሠራ ደግሞ ዝርዝሩ ላይ የሚጻፈውን የሚወስነው የየአገሩ መንግሥት ይሆናል። በመጨረሻ በሜይ 2024 የወጣው ሕግ የማገዱን ግዴታ ከብራውዘሮች ላይ አንሥቶ ማስጠንቀቂያ ወደ ማሳየት ዝቅ አድርጎታል።

በፈረንሳይ ረቂቁን ያለዘበው የፓርላማ ክርክር ነው፤ በካዛክስታን ግን ሰርተፍኬቱን ከጥቅም ውጭ ያደረጉት ለካዛክስታን ሕዝብ ተጠሪ ያልሆኑ ጥቂት የአሜሪካ ኩባንያዎች ናቸው። ውጤቱ መልካም ቢሆንም አስተማማኝ ጥበቃ ሊባል አይችልም፤ ኩባንያዎች ገበያቸውንም ያሰላሉና። ስለዚህ ማንኛውም አካል፣ መሥሪያ ቤትም ቢሆን፣ በግል ስልክ ላይ ሰርተፍኬት እንዲጫን ሲጠይቅ፣ ተጠቃሚው ከመጫኑ በፊት ሰርተፍኬቱ ማን ምን እንዲያነብ እንደሚፈቅድ መጠየቅ ይገባዋል።