ትንሽ መኪናን ለበረዶና ለጥርጊያ መንገድ ስለ ማዘጋጀት

በአራቱም ጎማ የምትጎትት ትንሽ መኪና የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ከመሬት ከፍ ስለ ማድረግ ነው፤ ከፍ ያለች መኪና ኃይለኛ መስላ ትታያለችና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን የሥራው ቅደም ተከተል ሌላ መሆኑን በምክንያት ማስረዳት ነው፤ ይኸውም መጀመሪያ ጎማ፣ ቀጥሎ የሆድ መከላከያ፣ በመጨረሻ ከፍታ ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው የጃፓኑን ሱባሩ ኢምፕሬዛ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. ሊዮኔ የተባለችውን በአራት ጎማ የምትጎትት መኪና ካወጣ ወዲህ በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። መኪናዎቹ በረዶ በሚበዛበት በአሜሪካው የኮሎራዶ ግዛት በብዛት ይነዳሉ። በዚያም በዴንቨርና በኦሮራ ከተሞች ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ጎማ እንመልከት። የሞተሩ ኃይል ለአራቱም ጎማ ሲከፋፈል መኪናዋ በቀላሉ ትነሣለች፣ ዳገትም ትወጣለች። ለመቆም ግን ምንም አይጨምርላትም፤ ማንኛዋም መኪና ብትሆን ፍሬን የምትይዘው በአራቱም ጎማ ነውና። የመቆሚያውን ርቀት የሚወስኑት ፍጥነቷና ጎማው መንገዱን የሚይዝበት ልክ ናቸው። የሰበቃው ልክ በደረቅ አስፋልት 0.8፣ በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ በተራ ጎማ 0.2፣ በበረዶ ጎማ 0.3 ነው ብለን እናስላ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ በአስፋልቱ 12 ሜትር፣ በበረዶው ላይ በተራው ጎማ 49 ሜትር፣ በበረዶ ጎማ 33 ሜትር ያህል ሄዳ ትቆማለች። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው የ16 ሜትር ልዩነት የአንድ እግረኛ ሕይወት ሊሆን ይችላል። አደጋውን የሚያብሰው ደግሞ ነጂው በቀላሉ ስለ ተነሣ በቀላሉ የሚቆም መስሎት መፍጠኑ ነው።

የበረዶ ጎማ የሚሠራበት ላስቲክ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንኳ ሳይደርቅ ልስላሴውን ይጠብቃል። ምልክቱም በጎኑ ላይ የታተመው ተራራና በውስጡ ያለው የበረዶ ቅንጣት ነው። የጎማው ጥርስ ጥልቀትም ሊዘነጋ አይገባም። ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ ኢንተርስቴት 70 በተባለው አውራ ጎዳና ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ የሚጓዝ በአራት ጎማ የሚጎትት መኪና እንኳ የጎማው ጥርስ ከ3/16 ኢንች፣ ማለት ከ4.8 ሚሊ ሜትር ያህል፣ እንዳያንስ ታዟል። ደግሞም አራቱ ጎማዎች በዓይነትም በመበላትም እኩል መሆን አለባቸው። ፋብሪካው በዙሪያቸው መካከል ከ6 ሚሊ ሜትር ያህል የበለጠ ልዩነት እንዳይኖር ይመክራል፤ አለዚያ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ክፍል ያለ ዕረፍት እየተፋተገ ይግላል፣ ይበላሻልም።

ሁለተኛው የሆድ መከላከያ ነው። ድንጋይ የዘይቱን ኮፓ ከሰነጠቀ ዘይቱ ይፈሳል፤ ነጂው ሳያውቅ ጥቂት ቢነዳ ሞተሩ ይነክሳል። ስለዚህ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ሰሌዳ ከሞተሩና ከካምቢዮው በታች በብሎን ይታሰራል። ዘይት የሚቀየርበትና አየር የሚገባበት ቀዳዳ ሊተውለት ይገባል። መኪናዋ ስትያዝም መጎተቻው ገመድ ፋብሪካው ባዘጋጀው መንጠቆ ላይ እንጂ በሞላው ክፍሎች ላይ ከቶ አይታሰርም።

ሦስተኛው ከፍታ ነው። በአሜሪካ የምትሸጠው ኢምፕሬዛ ከመሬት 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ከዚሁ አካል የወጣችው ክሮስትሬክ ግን 22 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች። እንግዲህ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ፋብሪካው ሞላውን፣ አሞርዛተሩንና ጎማውን አስማምቶ ነው። በጋራዥ በሞላው ላይ ማስገቢያ ሲጨመር ወደ ጎማ የሚሄዱት አክስሎች መጋጠሚያ ከልኩ በላይ ይታጠፋል፣ ቶሎም ያልቃል። ሚዛኑም ይለወጣል። የግራና የቀኝ ጎማ ርቀት 1.55 ሜትር፣ የክብደቱ ማዕከል ከፍታ 0.55 ሜትር ቢሆን፣ የርቀቱ እኩሌታ ለከፍታው ሲካፈል 1.41 ይሆናል። መኪናዋን 5 ሴንቲ ሜትር ብናነሣት 1.29 ይሆናል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን መገልበጥ ይቀላል። ስለዚህ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያም አላይመንቱ እንደገና ይስተካከል። ጎማን በማተለቅ ከፍ ለማድረግ የሚያስብም፣ የጎማው ቁመት 3 ሴንቲ ሜትር ቢጨምር መኪናዋ የምትነሣው በእኩሌታው ብቻ መሆኑን ይወቅ።

በአገራችን መንገድ የበረዶ ጎማ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ለመስክ ጥናት በክረምት ጭቃ ለሚወጣ ሁሉ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለጎማው ይዋል። መኪና በተራመደችበት ሁሉ መሬትን የምትነካው በእርሱ ብቻ ነውና።