ዳፊ፣ መልእክት ያዡ ፕሮቲን

በናይሮቢ ከተማ ሁርሊንግሃም በተባለው ሰፈር ከሚገኙት የሕክምና ቤቶች ወደ አንዱ አንድ ኢትዮጵያዊ ደሙን ሊያስመረምር ሄደ እንበል። ሰውየው ጤነኛ ነው። ይሁን እንጂ ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳቱ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ1,500 በታች ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ሐኪሙ ይህን አይቶ በሽታ ነው ይበል? መልሱን ለማግኘት ዳፊ የተባለውን ፕሮቲን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚግባቡት በኬሚካል መልእክት ነው። በአንድ የሰውነት ክፍል ላይ ቁስል ሲፈጠር፣ ኬሞካይን የተባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደዚያ ይጠራሉ። መልእክቱን በሕዋሱ ገጽ ላይ ያሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች ይቀበሉና ወደ ውስጥ ያስተላልፋሉ። ዳፊ ግን ጠባዩ ከእነዚህ የተለየ ነው። በቀይ የደም ሕዋስ ገጽ ላይ ሆኖ ኬሞካይኖችን ይይዛል እንጂ መልእክቱን ወደ ውስጥ አያሳልፍም፤ በዚህም በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን መልእክት መጠን ይቆጣጠራል። ገበያ መካከል ተቀምጦ ወሬውን ሁሉ እየሰማ ለማንም የማይናገር ሽማግሌ ይመስላል ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ዳፊ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሆን፣ ስሙም ደም በተደጋጋሚ ከተሰጠው ሕመምተኛ የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ ይህ ፕሮቲን በቀይ ሕዋሳቸው ላይ የሌላቸው ሰዎች ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ የተባለውን የወባ ተሕዋስ እንደሚቋቋሙ አሳዩ። ተሕዋሱ ወደ ሕዋሱ ሲገባ ዳፊን እንደ በር ይጠቀምበታልና ነው። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ አብዛኛው ሕዝብ ይህ በር የለውም። ምክንያቱም በራሂው፣ ማለትም ፕሮቲኑን የሚያሠራው የዘር መመሪያ፣ በቀይ ሕዋስ ውስጥ ሥራውን እንዲጀምር በሚያዝዘው ክፍል ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣለች። በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ግን ፕሮቲኑ ይሠራል። በኢትዮጵያ ዳፊ ያላቸውም የሌላቸውም በአንድነት ስለሚኖሩ ቫይቫክስ በአገራችን ጸንቶ ይገኛል። መከላከያውም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ዳፊ በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ላይም ተሕዋሱ ተገኝቷል።

ይኸው ለውጥ የኒውትሮፊልን ቁጥር ዝቅ እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት አመለከተ። ለውጡን ከሁለቱም ወላጆቻቸው የወረሱ ሰዎች ቁጥራቸው ቢያንስም በዚህ ምክንያት ለተላላፊ በሽታ ይበልጥ አይጋለጡም። ችግሩ ከመለኪያው ነው፤ ትክክለኛ የተባለው ቁጥር በአብዛኛው ከአውሮፓውያን ደም የተወሰደ ነበርና። በዚህም የተነሣ ለካንሰር ሕመምተኛ የሚገባው መድኃኒት ያለ በቂ ምክንያት ሊቀነስ ወይም ሊዘገይ ይችላል። የሁርሊንግሃሙ ሐኪም እንግዲህ መዝገቡ ላይ በሽታ ብሎ ከመጻፉ በፊት ሰውየው ትኩሳትና ተደጋጋሚ ቁስል ይዞት እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ የቀድሞ ውጤቱን ያያል፤ የዳፊ ደም ዓይነቱንም ያስመረምራል።